ጽዋዋ በመኪና የሄደች ጊዜ

ባሌ ሲሞት ፒካፑን ተወልኝ፤ መንዳቱን ግን አላስተማረኝም ነበር። በሕይወት ሳለ አስተምረኝ ስለው "አንቺ ደግሞ ወዴት ልትሄጂ?" ይለኛል። እውነቱን ነው፤ የምሄድበት አልነበረኝም። ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ቤት፣ እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን፤ ለዚህ ሁሉ እግሬ ይበቃል። እሱ ከሄደ በኋላ ግን መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማ ዶሮ ሲሰፍርባት ማየት አስጠላኝ። ልሽጣት ብዬ ገዢ አስመጣሁ፤ ሰውየው ጎማዋን በጫማው ጠለዝ ጠለዝ ሲያደርግ ሳይ ደሜ ፈላና አልሸጥም ብዬ መለስሁት። ከዚያ በኋላ መማር ግድ ሆነብኝ።

ሰቆጣ ሴት ስትነዳ አይታ አታውቅም አልልም፤ የመሥሪያ ቤት መኪና የሚነዱ መጥተው ያውቃሉ። ነገር ግን ነጠላዋን ያጣፋች፣ ጸጉሯ የሸበተ፣ ግማሹን ከተማ ፊደል ያስቆጠረች መምህርት ማርሽ እያንጫረረች በገበያ መሐል ስታልፍ ማየት ሌላ ነገር ነው። የድሮ ተማሪዎቼ ዳር ይዘው ቆመው ይስቁ ነበር። እኔም በመስኮት ብቅ ብዬ የማባዛት ሠንጠረዡ የት ላይ እንዳቃታቸው አስታውሳቸዋለሁ፤ ያን ጊዜ ዝም ይላሉ።

የምነዳበት ምክንያት ግን የሚያስቅ አልነበረም። በዓል ቀን ቤቴ መቀመጥ አልችልም። አዘቦቱን እችለዋለሁ፤ አዘቦት ሁሉም ሰው በየሥራው ነው፣ የእኔም ዝምታ ከሌላው ዝምታ አይለይም። በዓል ሲሆን ግን መንደሩ ከማለዳው ጀምሮ ሽንኩርት ያቁላላል፤ በአጥሩ ማዶ ሳቅ አለ፣ የልጅ ጩኸት አለ፣ ግቡ ግቡ የሚል ድምፅ አለ። እኔ አንድ ሳህን ይዤ ግድግዳ አያለሁ። ልጅ አልወለድንም። ዘመዶቼ ከፊሎቹ አፈር ገብተዋል፣ ከፊሎቹ ዐረብ አገር ናቸው። ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል ይላል የአገሬ ሰው፤ አብሮት የሚበላ ያጣውን ምን እንደሚለው ግን አልነገረኝም። ስለዚህ በዓል ሲደርስ ሞተር አስነሥቼ እወጣለሁ።

እንዲህ እያልሁ ዋግን ዞርኋት። አንድ ዓመት ጥምቀትን ደሃና ሄጄ አከበርሁ። ተከዜ ላይ ግድቡ የሠራውን ሐይቅ ለማየት ወደ ቆላው ወረድሁ፤ ጀልባ የሚቀዝፉትን ጎረምሶች አየሁ፣ ዓሣ ሲመዘን አየሁ፣ ከዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የያዝሁትን ቆሎ በልቼ ተመለስሁ። ወደ ሰሃላም ሞክሬ ነበር፤ መንገዱ መኪናዬን ስላልወደዳት ከግማሽ መለሰን። የሰቆጣ ሰው ውቅር መስቀለ ክርስቶስን የሚያየው እንግዳ ሲመጣበት ነው፤ እኔ እንግዳ ስለማይመጣብኝ ብቻዬን ሄጄ አየሁት። ቁልፍ የያዘው ዲያቆን ሳይከፍት በሩ ላይ ቆመ። ምን ትጠብቃለህ ብለው፣ ሌሎቹ እስኪደርሱ ነው አለኝ። ሌሎች የሉም አልሁት። ከአለት የተፈለፈለውን ቤተ መቅደስ ሲያሳየኝ እንኳ በየመሐሉ ወደ በሩ ዘወር ይል ነበር።

ሻደይ ሲመጣ ደግሞ ሌላው ሰው ሁሉ ወደ ሰቆጣ ይገባል፣ እኔ ከሰቆጣ እወጣለሁ። ከአዲስ አበባ፣ ከወልድያ፣ ከኮረም በመኪና እየተጫነ የመጣ ሰው በመንገድ ሲያገኘኝ፣ እሷ ሴትዮ አቅጣጫ ተሳስታለች ሳይለኝ አይቀርም። ልጃገረዶቹ ሻደይ የሚባለውን ሣር ወገባቸው ላይ አስረው ከበር በር እየዞሩ ሲጨፍሩ ደስ ይለኛል፤ እኔም በጊዜዬ ጨፍሬያለሁ። ነገር ግን በየደጁ የቤቱን ሰው እያነሡ፣ ልጆቹን እያወደሱ ነው የሚዘፍኑት። እኔ ደጅ ሲደርሱ ማንን እንደሚያነሡ ግራ ይገባቸዋል። የእነሱን ግራ መጋባት ቆሞ ማየት አልወድም።

ስሄድ መኪናዋ ባዶ ሆና አታውቅም። መንገድ ዳር ዳቦ የተሸከሙ ሴቶች፣ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌዎች፣ ፍየል የያዙም ጭምር እጃቸውን ያወጣሉ፤ እጭናቸዋለሁ። እስክንደርስ ድረስ ጨዋታው ሌላ ነው። ከተማው ጫፍ ስንደርስ ግን አንዷን እኅቷ ትጠብቃታለች፣ አንዱን አማቹ ይቀበለዋል፣ እግዜር ይስጥልን ብለው ይወርዱና ይበተናሉ። እኔ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ እቀራለሁ። ታቦት ሲወጣ እልል እላለሁ፣ ሲገባ እልል እላለሁ፣ ከዚያ መሪውን ይዤ ወደ ቤቴ። የምፈልገውን አውቀው ነበር፤ ብዙም አልነበረም። አንድ ቦታ፣ አንድ መንደር፣ አንድ ዓመት ብቀር "ያቺ ሴትዮ ዘንድሮ ምን ሆና ቀረች?" የሚል ሰው እንዲኖረኝ ነበር የምፈልገው። ያን ያህል መንገድ የነዳሁት እሱን ፍለጋ ነው።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ሚካኤልን ለማንገሥ ወደ ጋዝጊብላ ወጣሁ። ገብሱ ታጭዷል፣ ክምሩ በየማሳው ቆሟል፣ መንገዱ ደርቋል። ወደ አስከተማ ሳልደርስ ካለች አንዲት መንደር አጠገብ ድፎ ዳቦ በጀርባቸው ያዘሉ አሮጊት ጫንሁ። እሳቸው እንደ ሌሎቹ ወርደው አልተበተኑም። ታቦቱ ከገባ በኋላ እጄን ያዙና፣ ሚካኤልን ያህል ነገር አክብረሽ ጦምሽን አትሄጂም፣ ማኅበራችን እዚህ ቤት ነው፣ ቅመሽ አሉኝ። ተጎትቼ ገባሁ።

ቤቱ ሰፊ ነው፤ ሰው ግን ትንሽ ነበር። ዙሪያውን በተነጠፈው አጎዛ ላይ የተቀመጡት ሁሉ ሸምግለዋል። ወጣት የሚባል የለም፤ የቤቱ ባለቤት ራሷ የእኔ እኩያ ናት። ልጆቹ የት ናቸው ብዬ አልጠየቅሁም። በግድግዳው ላይ በላስቲክ ተሸፍኖ የተሰቀለው ፎቶግራፍ ሁሉ የመኪና፣ የፎቅና የባሕር ዳርቻ ነበር። ስገባ በኽምጣንጋ፣ በዋግ አገው ቋንቋ፣ ይጫወቱ ነበርና ለእኔ ብለው ወደ አማርኛ ዞሩ። እሰማለሁ፣ አትቸገሩ አልኋቸው፤ ቋንቋውን ከተማሪዎቼ ነው የለቀምሁት። እንግዳ አክባሪ ናቸውና በአማርኛ ቀጠሉ።

ተበላ፣ ተጠጣ። መጨረሻ ላይ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴ የሚሏቸው ረጅም ሽማግሌ፣ ጋቢያቸውን አደግድገው ጽዋዋን ይዘው ተነሡ። ትንሽ ማሰሮ ናት፤ በቀይ ጨርቅ ተጠቅልላለች። ጽዋ ያነሣ ሰው እስከ ቀጣዩ ወር ቤቱ ያሳድራታል፣ በዕለቱም ማኅበርተኛውን ጠርቶ ይደግሳል፤ ሥርዓቱ በየትኛውም አገር ይኸው ነው። ሙሴው ተረኛውን ጠሩ። ተረኞቹ ባልና ሚስት ልጃቸው ጋ ወልድያ ገብተው እዚያው ቀርተዋል ተባለ። ቀጥሎ ያለውን ጠሩ፤ እሱም ዓይነ ስውር ሆኗል፣ ሚስቱ ሞታለች። ከዚያ ስም መጥራቱን ተዉትና "ማን ያነሣታል?" አሉ። ማንም ቀና አላለም። አንዱ የእግሩን ጣት ያያል፣ አንዷ የነጠላዋን ጥለት ትቆጥራለች።

ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይባላል። ተነሣሁ። ማሰብ የሚባል ነገር አላሰብሁም፤ የቆሙት ሽማግሌ እጅ እንዲያ ተዘርግቶ መቅረቱን ማየት አልቻልሁም። በውስጤ ደግሞ፣ ይኸው መጣልሽ የሚል ነገር ነበር። ነጠላዬን አደግድጌ ፊታቸው ቆምሁ።

"አገርሽ ወዴት ነው ልጄ?" አሉኝ።

ሰቆጣ ነው አልኋቸው። ሩቅ ነው አሉ። መኪና አለኝ፣ ታኅሣሥ ሚካኤል ጠዋት መጥቼ ሁላችሁንም እጭናለሁ፣ ማታ እመልሳችኋለሁ አልሁ። ሙሴው ጽዋ በእግር ነው እምትሄድ፣ እየተዘመረላት ነው እምትሸኝ አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስሉ ነበር። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ጎንበስ ብለው በኽምጣንጋ ተነጋገሩ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ስለነበር አንድም ቃል አልያዝሁም። ሲመለሱ ጽዋዋን ሰጡኝ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ በጉልበት ሳይሆን በዕድሜ የወጣ እልልታ ነበር፣ ግን ለእኔ ነው። ከጽዋዋ ተጎነጨሁ።

እስከ መኪናዋ ድረስ እየዘመሩ ሸኙኝ። ጽዋዋን የፊት ወንበር ላይ አስቀምጬ በቀበቶ አሰርኋት። ሙሴው ይህን ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሊስቁም ሊቆጡም ፈልገው ሁለቱንም ተዉት። በመስታወት ሳያቸው አቧራው እስኪሸፍናቸው ድረስ መንገዱ ላይ ቆመው ነበር። ምጥ የያዛት ሴት እንደጫነ ሰው ቀስ እያልሁ ነዳሁ። የተሸኘሁት ከስንት ዓመት በኋላ እንደሆነ አላውቅም። እያለቀስሁ፣ ደግሞ በራሴ እየሳቅሁ ሰቆጣ ገባሁ።

አንድ ወር ሙሉ ሥራ ነበረኝ። ጽዋዋን ከመኝታ ቤቴ መስኮት አጠገብ አኖርኋት፤ ጠዋት ስነሣ እንደምን አደርሽ እላታለሁ። ግድግዳውን ቀባሁ። ጠላ ለመጨረሻ ጊዜ የጠመቅሁት ለባሌ ተዝካር ነበር፤ እጄ ረስቶት እንደሆነ ብዬ ፈርቼ ነበር፣ አልረሳውም። ብቅሉን ግቢ ውስጥ ሳሰጣው ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ ደግሞ ምን ተገኘ አለችኝ። የሚካኤል ማኅበር እደግሳለሁ አልኋት። ማኅበርተኞችሽ እነማን ናቸው አለች። ከገጠር ነው የሚመጡ፣ አታውቂያቸውም አልሁ፤ ትንሽም ኩራት ነበረብኝ። የእኔ ጋን አይበቃም ነበርና የእሷን ትልቁን ጋን ለመንኋት፣ ልጆቿ እያንከባለሉ አመጡልኝ። አልጠራኋትም። ማኅበር የማኅበርተኛው ነው ብዬ ነው። በዚያ ላይ ባሌ የሞተ ሰሞን ይዛልኝ የምትመጣውን ምግብና ከንፈር መምጠጧን አልረሳሁም፤ ከዚያ ጊዜ ወዲህ በሬን ዘግቼ ነው የምኖር፣ እሷም ገፍታ አታውቅም።

ታኅሣሥ ሚካኤል ጦም ላይ ነው የሚውል። ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን፣ የተልባውን ፍትፍት ሠራሁ፤ ዳቦውን በኮባ ጠቅልዬ ጋገርሁት፤ ጠላው ደርሷል። ገና ሳይነጋ መኪናዬን ጠርጌ፣ ከኋላ የሚቀመጡበትን ፍራሽ አንጥፌ ወጣሁ። ከከተማው መውጫ ኬላው ላይ ገመድ ተወጥሯል። መንገድ ተዘግቷል፣ መኪና አይወጣም፣ አይገባም አሉኝ። እንዲህ ያለ ነገር በኛ አገር በዚህ ዘመን እንግዳ አይደለም፤ ሲዘጋ ማንም አይነግርህም፣ ሲከፈትም ማንም አይነግርህም። ወርጄ ለመንሁ። ጽዋ አንሥቼ ነው፣ ሽማግሌዎች ይጠብቁኛል፣ ደርሼ ልመለስ አልሁ። ጠባቂው ክፉ ልጅ አልነበረም። "እናቴ፣ ዛሬ ሚካኤልም ቢሆን በመኪና አያልፍም። ይመለሱ" አለኝ።

ስልክ ሞከርሁ፤ ያች መንደር ኔትወርክ የላትም። ቤቴ ገብቼ ተቀመጥሁ። የነፍስ አባቴ ከቅዳሴ በኋላ መጥተው ጸለዩ፣ ዳቦውን ባረኩ፣ ትንሽ ጠበቁና ሌላም ቤት ተጠርተዋልና ተሰናብተውኝ ሄዱ። ዳቦው ሳይቆረስ ቀረ። ለዚያ ሁሉ ሰው ያነጠፍሁት ምንጣፍ ላይ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ውጭውን አዳምጣለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ዐሥር ሰዓት ሆነ። ይዘምራሉ ብዬ ነበር የማዳምጠው፤ የሰማሁት ግን የአንድ ዱላ ድምፅ ብቻ ነው፣ በሬን ኳ ኳ ሲያደርግ።

ሙሴው ነበሩ። ጫማቸውን በእጃቸው ይዘዋል፣ እስከ ጉልበታቸው አቧራ ለብሰዋል። ሌሊት ተነሥተው በእግር መንገዱ፣ በገደሉ አቋርጠው፣ ቤቴን ሰው ጠይቀው ነው የመጡት። ትከሻቸውን አልፌ መንገዱን አየሁ። ማንም የለም። ሌሎቹ ደክሟቸው ወደ ኋላ ቀርተው ይሆናል ብዬ ውኃ አሙቄ እግራቸውን አጠብሁ፤ ሥርዓት ነው። እግራቸውን እያጠብሁም በሩን አያለሁ። እሳቸው አዩኝና ዝም ማለት አልሆነላቸውም።

"ሌሎቹ አይመጡም ልጄ" አሉ። "ደግሞ መንገዱ ተዘግቶ አይደለም።"

ከዚያ ሁሉንም ነገሩኝ። የዚያን ዕለት በኽምጣንጋ የተነጋገሩት ስለ እኔ ነበር። ጽዋ የሚያነሣ ቤት ካጡ ቆይተዋል። ልጆቹ ሄደዋል፣ የቀሩት ጠላ መጥመቂያ ጉልበት የላቸውም። ኅዳር ላይ የሚያነሣ ከጠፋ ለቤተ ክርስቲያን መልሰን እንዝጋው ብለው ወስነው ነበር። እኔ ስነሣ ነው ሐሳባቸውን የለወጡት። ሰቆጣ ሰው አይጠፋም፣ ይቺ ሴትዮ ትውሰዳትና ጽዋዋ እዚያ ትኑር ተባባሉ።

"ታዲያ እርስዎ ለምን መጡ?" አልኋቸው።

"ጽዋ ያለ ሙሴ ከእጅ ወደ እጅ አታልፍማ። ደግሞም አንቺ ደግሰሽ ማንም ሳይደርስልሽ ቢመሽብሽ፣ ኃጢአቱ የማን ነው?"

ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ። የተቀበሉኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የሚገላገሉበት ሰው ነው ያገኙት። አንድ ወር ሙሉ ከጽዋዋ ጋር ሳወራ የከረምሁት፣ ግድግዳ የቀባሁት፣ ፍራሽ ያነጠፍሁት ታወሰኝና በራሴ አፈርሁ። ተናደድሁም። በእሳቸው ላይ መናደድ ግን አይቻልም፤ እግራቸው ቆስሎ ነበር። ቅባት ይዤ ወጣሁ። ምግቡን አልነኩትም። ያንን ሁሉ ምንጣፍ፣ ያንን ሁሉ ሳህን ዞር ዞር ብለው ሲያዩ ቆዩና "ጎረቤት የለሽም ወይ?" አሉኝ።

አለኝ አልሁ። ወጥቼ የጎረቤቴን በር አንኳኳሁ። ራሷ ከፈተችልኝ፤ ነጭ ለብሳለች፣ ልጆቿም ፀጉራቸው ተቀብቶ ከኋላዋ ተደርድረዋል። እንግዶቼ ቀርተውብኛል፣ እባክሽ ኑልኝ ለማለት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

"ጋን ያዋሰ ሰው ሳይጠራ አይቀርም ብዬ ልጆቹን ከጠዋት ነው ያጠብኋቸው" አለች። "እንዲህ እስኪመሽ ታስቀምጪን?"

እሷ ለቀጣዩ ቤት ጮኸች፣ የቀጣዩ ቤት ለማዶው ጮኸ። ልብስ ሰፊው መጣ፣ ሚስቱ መጣች፣ ከታች በኩል የምትኖረው ጠላ ሻጭ መጣች፤ ለጠላዬ መልካም ቃል ስትሰጠኝ ከሁሉ በላይ ኮራሁ። ቤቱ ሞላ። ዳቦው ተቆረሰ። ሙሴው ከፍ ብለው ተቀምጠው ለማያውቁት ሰው ሁሉ እንደ ልጅ ልጆቻቸው መረቁ። ምግቡ አለቀ፤ እኔ ራሴ የበላሁት ከድስቱ ጥግ ጠርጌ ነው።

ከዚያ ሙሴው ተነሡ። ጽዋዋን አነሡ። የማኅበሩን ሥርዓት በአማርኛ አስረዱ፣ ቀስ ብለው፣ ቃል እየመረጡ። ማን ያነሣታል ሲሉ እንደዚያን ቀን ዝም ይባላል ብዬ ፈርቼ ነበር። ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ጎረቤቴ ብድግ አለች። እልልታው ጣራውን ሊነቅለው ደረሰ። እሷ እጇን ዘርግታ ጨርቁን ያዘች፤ እሳቸው ግን ወዲያው አልለቀቁም። ሁለቱም ይዘዋት ጥቂት ቆሙ። ጎረቤቴ ግራ ገብቷት ወደ እኔ አየች። ከዚያ ጣታቸው አንድ በአንድ ላላ።

ሙሴው እኔ ቤት አደሩ። በማግስቱ መንገዱ አልተከፈተምና በእግሬ ከኬላው አሻግሬ፣ የእግር መንገዱ ከሚገነጠልበት ድረስ ሸኘኋቸው። ስንቅ ቋጥሬላቸው ነበር፤ ዱላቸው ላይ አንጠለጠሉት። ለጥር እንጠብቅዎታለን፣ መንገዱ ከተከፈተ በመኪና እወስድዎታለሁ አልኋቸው። አትጠብቁኝ አሉ። ሙሴነቱን ለልብስ ሰፊው ስጡት፣ ድምፁ ጥሩ ነው አሉ። ጽዋዋን ስንት ዓመት እንደያዟት ልጠይቃቸው ፈልጌ ተውሁት። ቁልቁለቱን ሲወርዱ አየኋቸው። እጃቸው ባዶ ሆኖ መሄድ ያልለመደ ሰው አካሄድ ነበራቸው፤ አንዱን እጃቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ነበር የሚሄዱት።

ጥር ሚካኤል ከጥምቀት ማግስት ነው። ታቦቱን ሸኝተን ስንመለስ ዘገየሁና ጎረቤቴ ልጇን ላከችብኝ። ምን ሆና ነው የቀረች እያሉ ነው አለኝ ልጁ። ይህን ቃል ስንት ዓመት ነው የጠበቅሁት፤ ሲመጣ ደግሞ እንዲህ ነው፣ ሽንኩርት መክተፊያ ቢላ ፈልገው ነው። ገብቼ ከሴቶቹ ጋር ከተፍሁ። ልብስ ሰፊው መረቀ፣ ለየካቲት ጽዋዋን ራሱ አነሣ። ሁሉም ይስቃል። የእኔ ሐሳብ ግን መሐል ላይ ሌላ ቦታ ሄደ። የሽማግሌው ሙሴ ቤት ዛሬ ምን ይመስላል እላለሁ። ከዳቦው የእሳቸውን ድርሻ አስቆርጬ፣ በነጠላ ጠቅልዬ፣ የፊት ወንበር ላይ አስቀምጬ ወደ መንደራቸው ነዳሁ። መንገዱ ከተከፈተ ሳምንት ሆኖት ነበር።

የመኪናዋን ድምፅ ከሩቅ ሰምተው ነው መሰል፣ ስደርስ ከግቢያቸው ወጥተው ቆመዋል። ነጭ ጋቢያቸውን አደግድገዋል። ግቢያቸው ተጠርጎ፣ ውኃ ተረጭቶበታል። ሌላ ሰው አልነበረም። እንደምን ዋሉ ስላቸው ቀጥ ብለው ወደ መኪናዋ መጡ፣ በመስኮቱ ጎንበስ አሉና በነጠላ የተጠቀለለውን አዩ።

"መልሰሽ አመጣሻት?" አሉኝ።

የተሰጠች ጽዋ ወደ ኋላ እንደማትመለስ እሳቸውም ያውቁታል፤ ተስፋው ግን አልተዋቸውም ነበር። "የለም አባቴ" አልኋቸው። "ልብስ ሰፊው ቤት ናት። ይኼ የእርስዎ ድርሻ ነው፣ ዳቦ ነው።"

"ደግ" አሉ። "ደግ ነው፣ ደግ ነው።" ዳቦውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ፣ ሳሙት፣ ግቢ አሉኝ። በርጩማ ሊያወጡልኝ ወደ ቤት ሲገቡ በሩ ላይ ቆም አሉና፣ ዞረው አንድ ጊዜ ደግሞ የመኪናዋን ወንበር አዩ።